ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይዘው ይወጣሉ?

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በኅብረተሰብ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ላለፉት ስድስት ዓመታት በእርዳታ ገንዘብ በሚንቀሳቀስ የማኅበረሰብ ጤና ፕሮግራም ውስጥ በመስክ አስተባባሪነት ሠርቻለሁ። ኮንትራቴ መጀመሪያ በየዓመቱ፣ ኋላ ደግሞ በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሰባት ጊዜ ፈርሜአለሁ። አሁን ያለው ከአራት ወር በኋላ ያበቃል፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚነግረኝ ሰው የለም። በዚህ መሃል በትንንሽ የጥገናና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ለማጽጃነት የሚውሉ ኬሚካሎችን ጉዳታቸው ባነሰ ለመተካት የሚያጠና አንድ የምርምር ቡድን የመስክ ሥራውን እንዳስተባብርለት ጠይቆኛል። እሱም ግራንት፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ የእርዳታ ገንዘብ ነው፤ የሚቆየውም ሦስት ዓመት ነው። ኬሚስትሪ የማውቀው ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያገኘሁትን ያህል ብቻ ነው። እናቴ «ቋሚ ሥራ ያዢ» እያለች ትወተውተኛለች። እንዲህ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት እየዘለሉ መኖር ሙያ ይባላል? ዶክትሬትስ ያስፈልገኛል? አብረውኝ የሠሩትን በጎ ፈቃደኞችስ ምን ብዬ ልሰናበታቸው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ቀጠሮ ያለው ሥራውን የመቀበል አለመቀበሉ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። በእኔ አስተያየት ቢቀበሉት ይሻላል። ይህን የምለው ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ስለሚረዝም ብቻ ሳይሆን፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ያካበቱት ልምድ ይበልጥ የሚፈለገው እዚያ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ይሁን እንጂ ከመፈረምዎ በፊት አሠሪዎችዎን ሳያፍሩ የሚጠይቋቸው ጉዳዮች አሉ፤ ወደ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን የእናትዎን ሥጋት እንደ ወግ አጥባቂነት አይቁጠሩት። በእርዳታ ገንዘብ የሚከፈል ደመወዝ የሚያልቅበት ቀን አብሮት የተወለደ ነው፤ አንዳንዴም ከቀኑ ቀድሞ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት አግዶ መገምገም ከጀመረ በኋላ፣ በማርች ወር የውጭ እርዳታውን ያከፋፍል በነበረው ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ሥር ከነበሩት ፕሮግራሞች 83 በመቶ ያህሉን መሰረዙን ሲያስታውቅ፣ ገና ብዙ ጊዜ የሚቀረው ውል የነበራቸው የጤና ሠራተኞች ሳይቀሩ በሳምንታት ውስጥ ያለ ሥራ ቀርተዋል። «ለጋሹ ትልቅ ስለሆነ አያሳስብም» ይባል የነበረውን ከዚያ ወዲህ ማንም በሙሉ አፉ ሲናገር አልሰማሁም።

እኔም በወጣትነቴ ደርሶብኛል። የምሠራበት ፕሮጀክት በጀቱ እንደማይታደስ የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰን ሊዘጋ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። እነዚያን ቀናት አብዛኞቻችን የፈጀናቸው የሥራ ማመልከቻ በመጻፍና ለመጨረሻው የሂሳብ ሪፖርት የጎደሉ ደረሰኞችን በመፈለግ ነው። ቤት ለቤት እየሄድን የምንከታተላቸው ነፍሰ ጡሮች ስም፣ የቀጠሮ ቀንና የደም ግፊት ልኬት የሰፈረባቸው ዘጠኝ ትልልቅ መዝገቦች ደግሞ በካርቶን ታስረው ዕቃ ቤት ገቡ። ከዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ቢሮ ብቅ ስል ካርቶኑን እንደታሰረ አገኘሁት፤ አንዱን ጥግ አይጥ በልቶታል። በመዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈችው አንዲት ፊደል ምንን እንደምታመለክት የምናውቀው እኛ ብቻ ስለነበርን መዝገቡ ባይበላም ኖሮ ለተከታዩ ሠራተኛ አይነበብም ነበር። ሥራውን ማጣቴን ከረሳሁት ቆይቷል፤ ያ ካርቶን ግን እስካሁን ያስቆጨኛል።

ይህ ሙያ ይባላል ወይ ለሚለው መልሴ፣ አዎን ይባላል፣ ነገር ግን ሙያውን ፕሮጀክቱ አይሰጥዎትም የሚል ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ እኩል ስድስት ዓመት የሠሩ ሁለት ሰዎች ለአንድ ቦታ ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዱ የተሳተፈባቸውን ሥልጠናዎች፣ ያስተባበራቸውን ወረዳዎችና የደረሱለትን የምስክር ወረቀቶች ይዘረዝራል። ሌላው ደግሞ «ሦስት መረጃ ሰብሳቢዎች ከአንድ ሠፈር ያመጡት ቁጥር አንድ ዓይነት ሲሆንብኝ ተጠራጥሬ ሄጄ፣ ቅጹ ላይ ያለው አንድ ጥያቄ ሰዎችን እንደሚያሳፍራቸው አወቅሁ፤ ጥያቄውን እንዲህ አድርጌ ለወጥኩት» ብሎ ይናገራል። ሁለተኛው ገንዘቡ ሲያልቅ ይዞት የሚወጣው ነገር አለ። እርስዎም ዛሬ ማታ ወረቀት ይዘው ይቀመጡና የፕሮጀክቱን ስም ሳይጠሩ ምን መሥራት እንደሚችሉ ይጻፉ፤ ገጹ ቶሎ ከሞላልዎት ሙያ አለዎት።

በመስኩ ውስጥ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ምሳሌ አለ። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት እየላከ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከድርቀት የሚያድን ውሕድ እናቶች እቤታቸው እንዲሠሩ አስተምሯል። ትምህርቱ የደረሳቸው ቤተሰቦች 12 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ልኬቱ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ ያልተጣራ የአገዳ ስኳር ሆኖ ግማሽ ሊትር በሚጠጋ ውኃ የሚበጠበጥ ነበር፤ ጨውና ስኳሩ ከእናቲቱ እጅ በቀር ሌላ መለኪያ አይጠይቁም። እኔን የሚገርመኝ ግን የአከፋፈሉ ዘዴ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፈለው በረገጠችው ደጅ ብዛት አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ካስተማረቻቸው ቤቶች ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ ይሄዳል፤ እናቶቹ ከትምህርቱ ምን ያህሉን እንደሚያስታውሱ ይጠይቃል፤ የሠራተኛዋም ክፍያ በዚያ መልስ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሰው ሠልጥኗል» የሚል ቁጥር ሞልቶ ከመላክና ሰው ልብ ውስጥ የቀረውን ነገር ሄዶ ከማየት የትኛው ሙያ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ይህን የኋለኛውን የለመደ ሰው የወባ ግራንት ቢዘጋበት በውኃ፣ የውኃው ቢዘጋበት በኬሚካል ጥናት ውስጥ ቦታ አያጣም።

ወደ ኬሚካሉ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይበልጥ የሚያስፈራዎት እሱ ነውና። የመስኩ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ጎጂ ነገር ሠርቶ ሰውን በጓንትና በጭምብል ለመከላከል ከመድከም ከመጀመሪያው የማይጎዳውን መፈልሰፍ ወይም መምረጥ ይሻላል የሚል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆኑት 12ቱ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎችም በአመዛኙ ይህንኑ ያብራራሉ። ችግሩ ያለው ሲተገበር ነው። ለመኪና ፍሬን ማጽጃነት ያገለግሉ የነበሩት ክሎሪን ያለባቸው ማሟሚያዎች (ቅባትና ቆሻሻ የሚያሟሙ ፈሳሾች) ጎጂነታቸው እየታወቀ ሲመጣ በምትካቸው ሄክሴንና አሴቶን የተቀላቀሉባቸው ማጽጃዎች ገበያ ገቡ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 በካሊፎርኒያ የመኪና መካኒኮች እጅና እግራቸውን እየደነዘዛቸው ሐኪም ዘንድ መቅረብ ጀመሩ። ሄክሴን በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚፈጠረው ውሁድ ረጃጅሞቹን የእጅና የእግር ነርቮች ይጎዳል፤ አብሮት የተቀላቀለው አሴቶን ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል። ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚውለው ቢስፌኖል ኤ የተባለ ኬሚካል «የለበትም» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ውስጥ የቅርብ ዘመዱ ቢስፌኖል ኤስ የተገኘበትም ታሪክ ያው ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

በእኔ እምነት እንዲህ ያለውን ስህተት ቶሎ የሚያየው ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ኬሚስት ሳይሆን ሥራው ቦታ የሚመላለሰው ሰው ነው። አንድ ሥራ ቤት ገብተው ግማሽ ቀን ዝም ብለው ይቀመጡና ይመልከቱ። ቅባትና ቀለም የሚያሟሟው የቲነር ቆርቆሮ ክዳን ጠዋት እንደተከፈተ ማታ ይዘጋል። ጨርቁ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ዕቃው ይታሻል፣ ከዚያ ያው እርጥብ ጨርቅ ጭን ላይ ይቀመጣል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው የእጁን ግራሶ በዚያው በቲነር አጥቦ ሳሙና የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በቅጽዎ ላይ «በሥራ ላይ ጓንት ትጠቀማለህ?» የሚል ጥያቄ ቢኖር «አዎን» ይላል፤ አልዋሸም። ነገር ግን ያጠለቀው ቀጭን የላቴክስ ጓንት ብዙዎቹን ማሟሚያዎች ለደቂቃዎች እንኳ አያግድም፤ እንዲያውም ፈሳሹን ከቆዳው ጋር አፍኖ ያውላል። ስለዚህ ቅጹ «የተጠበቀ» ብሎ የሚመዘግበው ሰው ካልተጠበቀው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ይህን አይቶ «ጥያቄው እንዲህ ይስተካከል፤ የጓንቱን ዓይነትና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀየር እንጠይቅ» ብሎ ለኬሚስቱ የሚነግረው ማነው? በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው «አዎን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የተማረው ሰው ነው።

ተተኪው ኬሚካል ከተገኘም በኋላ ነገሩ አያልቅም። በውኃ የተዘጋጀ ማጽጃ ለሳንባና ለነርቭ የሚሻል ቢሆንም ቶሎ አይደርቅም። በሠራው ዕቃ ቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ ዕቃው እስኪደርቅ ቆሞ መጠበቅ ገቢውን ስለሚቀንስበት፣ ተመራማሪዎቹ ሲመጡ በአዲሱ ይሠራና ሲሄዱ ጥግ የደበቀውን አሮጌ ቆርቆሮ ያወጣል። ያንን ቆርቆሮ ሳይቆጡና ሳያሳፍሩ ማየት መቻል፣ ከዚያም ማድረቂያውን ወይም አከፋፈሉን የጥናቱ አካል እንዲያደርጉት ቡድኑን ማሳመን የመስክ አስተባባሪ ሥራ ነው። ኬሚስትሪውን ይማሩታል። የሚያስፈልግዎት የመርዝ ጥናት መሠረታዊ ሐሳቦች ናቸው፤ ይኸውም መጠን፣ የተጋላጭነት መንገድና ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ የሚከሰት ጉዳትና በዓመታት የሚጠራቀም ጉዳት ያላቸው ልዩነት፣ እንዲሁም የኬሚካልን የደኅንነት መረጃ ወረቀት ማንበብ ነው። ለዚህ ጥቂት ወራት የተጋ ንባብ ይበቃል። ሰውን ማድመጥ ግን በጥቂት ወራት አይለመድም።

አንድ ከባድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁት። በጤና ፕሮግራም ውስጥ ምርመራ ካደረጉ ሕክምናውን ያሳዩ ነበር። በኬሚካል ጥናት ውስጥ የአንድን ሰው ደም ወይም ሽንት ወስደው «ይህን ያህል ተገኝቶብዎታል» ካሉት በኋላ፣ «ታዲያ ልታመም ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎት አጭር መልስ ላይኖርዎት ይችላል፤ ለብዙ ኬሚካሎች ጤናማውን ከበሽተኛው የሚለይ የታወቀ መስመር የለምና። በተለይ በጡቷ ወተት ውስጥ ኬሚካል የተገኘባት እናት «ላጥባው ወይስ ልተው?» ስትልዎ መንተባተብ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በእናት ጡት ወተት ላይ ያሉትን ኬሚካሎች ለረጅም ዓመታት ሲከታተል ቆይቶም የማጥባት ጥቅም እንደሚያመዝን ደጋግሞ አስታውቋል፤ ስለዚህ መልሱ «ያጥቡ» ነው፤ ኬሚካሉን ከአካባቢዋ የመቀነሱ ኃላፊነት ደግሞ በሕፃኑ ላይ ሳይሆን በምንጩ ላይ የሚወድቅ ነው። ውጤቱ ለተሳታፊው እንዴት፣ በማን አንደበትና መቼ እንደሚነገር የሚገልጽ ጽሑፍ በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ መኖሩን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ከሌለ «እኔ ላዘጋጀው» ይበሉ። ሊቀጥሩዎ ያሰቡበትን ምክንያት ከዚህ የተሻለ የሚያሳያቸው ነገር የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰው ስለ ደመወዝ መጠን ይደራደርና ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ ይፈርማል። ደመወዝዎ ከአንድ ግራንት ይከፈላል ወይስ ከሁለት ከሦስት ተቆራርሶ? ከሁለት ከሆነ አንዱ በ18ኛው ወር ሲያበቃ ጎዶሎውን የሚሸፍነው ማነው? ሦስት ዓመት የተባለው ገንዘብ በሙሉ ጸድቋል ወይስ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ጸድቆ ቀሪው በየዓመቱ በሚቀርብ ሪፖርት የሚለቀቅ ነው? ለጋሹ ገንዘቡን በቅድሚያ ይልካል ወይስ ተቋሙ ከራሱ ካወጣ በኋላ ይተካለታል? ተቋሙ ደካማ ካዝና ያለው ሆኖ አከፋፈሉ በመተካት ከሆነ የወር ደመወዝዎ እየዘገየ መሆኑን ዛሬ ይገምቱ። ውሉ በለጋሹ ውሳኔ ቢቋረጥ ስንት ቀን አስቀድሞ ይነገርዎታል፣ ምንስ ይከፈልዎታል? ጥናቱ ቢዘገይ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የጊዜ ማራዘሚያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜው ሲራዘም ያው ገንዘብ ለረጅም ወራት ስለሚሳሳ መጀመሪያ የሚቀነሰው ብዙውን ጊዜ የመስክ ሠራተኛ ነውና ይህንንም ያንሡት። እነዚህን ጥያቄዎች ሲጠይቁ የሚቆጣ ዋና ተመራማሪ ካጋጠመዎት ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ገንዘቡን የሚሰጠው ማን እንደሆነም ይወቁ። የሚጠናውን ኬሚካል ወይም ተተኪውን የሚያመርት ኩባንያ ከሆነ ጥናቱ የግድ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም፤ ውጤቱን ኩባንያው ሳይፈቅድ ማሳተም እንደሚቻል የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ከሌለ ግን በበኩሌ አልገባበትም። እርስዎን አምነው በራቸውን የሚከፍቱት ሠራተኞች የኩባንያውን ስም አያውቁትም፤ የሚያውቁት የእርስዎን ፊት ነው።

ከገንዘብ ሌላ ሁለት ነገር ያስጽፉ። አንደኛው ከጥናቱ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ በሥራዎ ልክ ስምዎ በደራሲነት የሚገባ መሆኑ ነው፤ የመስክ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በመጨረሻው የምስጋና አንቀጽ ውስጥ ነው፣ ለሚቀጥለው ቀጣሪ ግን ያ አንቀጽ አይታየውም። ሁለተኛው በግራንቱ ውስጥ ለሥልጠና የተያዘ ገንዘብ ካለ ከእሱ ድርሻዎ ነው። በዚያ ገንዘብ ስታቲስቲክስ ይማሩ። መረጃ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ነው፤ የሰበሰበውን ራሱ አጽድቶ የሚተነትን ጥቂት ስለሆነ በጀት ሲቀንስ ቶሎ አይነካም።

ዶክትሬቱን በተመለከተ አጭር ነኝ። የራስዎን ላቦራቶሪ መምራት ወይም በዋና ተመራማሪነት ግራንት መጠየቅ ከፈለጉ ያስፈልግዎታል። የመስክ ጥናት ለመምራት፣ ፕሮግራም ለመገምገምና ከማኅበረሰብ ጋር የሚደረግ ምርምርን ለማስተባበር ግን ማስተርስ በቂ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከራስዎ ኪስ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ዓመት ሥራውን ቀምሰው ምን መማር እንደሚፈልጉ ይወቁ። ዲግሪን የሥራ መሸሸጊያ ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሲጨርሱ ያው የስድስት ወር ኮንትራት ጠብቋቸዋል። ለእናትዎም የሚነግሩት ነገር ይኑርዎት። ከመጀመሪያው ደመወዝዎ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት እያስቀሩ ለአራት ወር የሚያኖርዎትን ያህል ያጠራቅሙ፤ በሁለት ግራንቶች መካከል ክፍተት ቢፈጠር ምክር ለማሰብ ጊዜ ይሰጥዎታል።

በመጨረሻ የጠየቁኝ ስለ በጎ ፈቃደኞቹ ነው። ፕሮግራሙ ሊታደስ ይችላል በሚል ተስፋ እስከ መጨረሻው ሳምንት ዝም አይበሏቸው። ውሉ የሚያበቃበትን ቀን አሁኑኑ፣ አራት ወር እያለ፣ በአካል ተገኝተው ይንገሯቸው፤ ይታደስ እንደሆነ እንደማያውቁም ሳይሸፍኑ ይናገሩ። ከዚያ የቀሩትን ሳምንታት ለመዝገቡ ይስጡ። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የሚከታተላቸውን ቤቶች ዝርዝር ከአቅራቢያው የጤና ተቋም ባለሙያ ጋር ተቀምጦ አንድ በአንድ ያስረክብ፤ ምልክትና ምኅጻረ ቃል ካለ ትርጉሙ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ መድኃኒቷን ስታቋርጥ የምታኮርፈዋ ወይዘሮ፣ በር የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ብቻ የሆነው ቤት፣ ይህ ሁሉ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይተላለፍ። ለእያንዳንዳቸውም ምን እንደሠሩ፣ ለስንት ዓመትና ለስንት ቤተሰብ እንደሠሩ የሚገልጽ የተፈረመና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጧቸው፤ ፊርማና ማኅተም የሚገኘው ቢሮው ክፍት ሳለ ነውና ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። አዲሱ ቡድን ሠፈሩን የሚያውቁ መረጃ ሰብሳቢዎች እንደሚፈልግም እርግጠኛ ነኝ፤ ክፍያ ያለው ቦታ ከሆነ የእነዚህን ሰዎች ስም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይዘው ይቅረቡ።